ፈትሂያ በሽተኛ ባሏን ጥላ አልሄደችም

ከጥቂት ዓመታት በፊት "ጀማል፣ ትጠጣለህ?" ብላችሁ ብትጠይቁኝ ወላሂ እስቅባችሁ ነበር። እኔ! ድሬዳዋ ታይዋን ሰፈር የመጋረጃ ጨርቅ የምሸጠው፣ ጁምዓ የማያመልጠኝ፣ የሐጂ ልጅ! ለእኔ ጠጪ ማለት ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር ጫማውን አውልቆ የሚተኛው ሰውዬ ነበር። እኔ የማደርገው ጨብሲ ነው። ድሬን ለማያውቅ ላስረዳ፤ ከምሳ በኋላ ጓደኛ ተሰብስቦ ጫት ይቅማል፣ በርጫ እንለዋለን። ጫቱ ሲያነቃን ይውልና ማታ እንቅልፍ እምቢ ይላል። ያኔ ምርቃናውን የሚሰብር ነገር ይቀመሳል፤ እሱ ነው ጨብሲ። በእኛ ቤት የእንቅልፍ መድኃኒት እንጂ መጠጥ አይባልም። በዚህ ሒሳብ ዓመታት ሙሉ በየማታው አረቄ ስገለብጥ ኖሬ አንድም ቀን ራሴን ጠጪ ብዬ ጠርቼው አላውቅም።

ይህን የምጽፈው እንደኔ በሽታውን በሌላ ስም እየጠራ የሚያባብል ሰው ካለ ቶሎ እንዲነቃ ነው። ደግሞም በሚስቴ ስም ላይ የተለጠፈ ውሸት አለ። የለጠፈው ሰፈሩ ነው፤ ሙጫውን ያቀበልኩት ግን እኔ ነኝ።

በሽታው በእጄ ጀመረ። ጠዋት ሱቅ ከፍቼ ጨርቅ ስቆርጥ መቀሱ አልታዘዝ አለኝ። አንዲት ልጇን የምትድር እናት ቆማ እያየችኝ "ወንድሜ፣ መጋረጃ ነው ወይስ ዳንቴል የምትሠራልኝ?" ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ላብ መጣ፣ ጠዋት ጠዋት ማስመለስ መጣ፣ ሆዴ እንደ በርበሬ ያቃጥለኝ ጀመር። ማታ ቀመስ ሳደርግ ሁሉም ብን ብሎ ይጠፋል። ስለዚህ አረቄው እያሻለኝ ነው ብዬ ደመደምኩ። ምን ያለው ሞኝ ነው ትሉ ይሆናል። ውስጡ ላለ ሰው ግን ነገሩ ልክ ይመስላል።

ፈትሂያ፣ ባለቤቴ፣ ከክሊኒክ ክሊኒክ ይዛኝ ዞረች። አንደኛው ጨጓራ ነው ብሎ የሚዋጥ ሰጠኝ። ሌላው ደም ወስዶ ታይፎይድና ታይፈስ ነው አለኝ፤ መርፌውን ጨረስኩ፣ እጄ መንቀጥቀጡን አልተወም። አክስቴ ደግሞ "ይሄ ዓይን ነው፣ ሱቁ ሲሞቅ ሰው አይቶት ነው" ብላ ቁርዓን የሚቀሩብኝ ሸህ ዘንድ ወሰደችኝ። ሸሁ ደግ ሰው ነበሩ፤ ቀርተውብኝ ሲጨርሱ ትክ ብለው አዩኝና "ልጄ፣ አንተው የምታውቀው ነገር ካለ እሱን ተው" አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ማታ እንደገና ቀመስኩ።

የእነዚያ ክሊኒኮች አግዳሚ ወንበር ትዝ ሲለኝ አሁንም ጀርባዬን ያመኛል። ቬንቲሌተሩ ሙቅ አየር ያዞራል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ፈትሂያ ካርዴን በሁለት እጇ ይዛ ስሜ እስኪጠራ በሩን ታያለች። እኔ ደግሞ ሐኪሙ እንዳያሸተኝ ከረሜላ እመጥጣለሁ። ጎን ለጎን ተቀምጠን ሁለታችንም ብቻችንን ነበርን።

አንዱ ሐኪም ጥያቄዎቹን በተራ ያነባል። "ሲጋራ?" አለኝ። አላጨስም አልኩ። ቀጣዩን ጥያቄ አየ፣ ካርዱ ላይ ስሜን አየ፣ ፈትሂያን ከነሒጃቧ አየና አፈረ። "ይሄ እንኳን እናንተን አይመለከትም" ብሎ አለፈው። ሌላ ክሊኒክ ግን ሐኪሟ ጠየቀች። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ፈትሂያ "አይጠጣም" አለች። ዞር ብዬ አየኋት። እሷ ግድግዳውን ነበር የምታየው። ያኔ እንደምታውቅ ገባኝ። መቼ እንዳወቀች አልጠየቅኳትም፣ እሷም አልነገረችኝም። ሸፈነችኝ። እኔም እሰይ ብዬ ተሸፈንኩ።

ረመዳን ሲገባ፣ በቃ አልኩ። ኒያዬን አሳምሬ አረቄውን በአንዴ ቆረጥኩት። ጾሙ ገና እንደተጀመረ ለከሰዓቱ የዐስር ሰላት ውዱእ ሳደርግ ቧንቧው ሥር ወደቅኩ። ስነቃ ሆስፒታል ነኝ፣ ምላሴ ተነክሷል፣ ሸሚዜ ረጥቧል። አንቀጥቅጦ ጥሎኝ ነው። ሰፈር ውስጥ ወዲያው "ጀማልን የሚጥል በሽታ ያዘው" ተባለ።

ያየችኝ ዶክተር ከሸገር የመጣች ወጣት ነበረች። ፈትሂያን "እህቴ፣ መድኃኒት ቤቱ ጋ ጠብቂ" ብላ አስወጣቻትና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"በቀን ስንት ትጠጣለህ?" አለችኝ። ልብ በሉ፣ ትጠጣለህ ወይ አላለችም።

"ኧረ እኔ አልጠጣም። ማታ ማታ ትንሽ ጨብሲ ነው እንጂ።"

"ጨብሲ ምንድን ነው?"

ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ ጫቱ፣ ስለ ምርቃናው፣ ስለ እንቅልፉ። እሷ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ሰማችኝና "ጫት ባልቃምክበት ቀንስ?" አለችኝ።

 ጫት ያልቃምኩበትን ቀን አሰብኩ። "እጠጣለሁ" አልኩ። በሕይወቴ ያን ቃል መጀመሪያ ያልኩት ያኔ ነው፤ ለማላውቃት ልጅ፣ ሸሚዜ ረጥቦ።

ከዚያ እያፍታታች ነገረችኝ። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ የጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም አንጎሉ የለመደውን ያጣና ይረበሻል፤ ያ ነው የጣለኝ። ሊገድልም ይችላል። ስለዚህ ጎበዝ፣ ስሙኝ፤ እንደኔ ጀግና ነኝ ብላችሁ ቤታችሁ ተደብቃችሁ በአንዴ አትቁረጡ። ሐኪም ፊት ቁረጡ። እኔን እዚያው አስተኝተው መድኃኒት እየሰጡ እየቀነሱ አወጡኝ። ስወጣ ዶክተሯ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ መጠጥ ያቆሙና ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት እንደሚሰበሰቡ ነገረችኝ።

"ዘጠኝ ሰዓት? እሱ እኮ የበርጫ ሰዓት ነው!" አልኳት።

"ለዚህ ነዋ ዘጠኝ ሰዓት የሆነው" አለችኝ።

አልሄድኩም። ድኛለሁ ብዬ ነዋ። አብዲ፣ የልጅነት ጓደኛዬ፣ ጫቱን በጉያው ይዞ መጣና "አቦ፣ መጠጡን ነው እንጂ የከለከሉህ ጫት ምን አደረገ?" አለኝ። እውነት መሰለኝ። የእኛ ሰው ስህተት እዚህ ላይ ነው፤ አንዱን በር ዘግተን ሌላውን ወለል አድርገን እንተዋለን። ቃምኩ። እንቅልፍ ጠፋ። ፈርቼ ጣሪያ ሳይ አነጋሁ። ጥቂት ቀን እንደዚያ ታገልኩና በሃይላንድ ፕላስቲክ አረቄ ገዝቼ ከውሃ ጠርሙሶቹ ኋላ ደበቅኩ።

የድሬ ሙቀት ታውቁታላችሁ። ሂክማ፣ ልጄ፣ ከትምህርት ቤት ላቧ እየተንጠባጠበ መጣችና ያገኘችውን ሃይላንድ ከፍታ ተጎነጨች። ጩኸቷ አሁንም በጆሮዬ አለ። ጉሮሮዋን ይዛ ትስላለች፣ ዓይኗ ይፈሳል፣ ፈትሂያ አፏን ታጥባታለች። ልጅቷ ምንም አልሆነችም፣ አልሐምዱሊላህ። ፈትሂያ ግን ጠርሙሱን አሽትታ መሬት ላይ አስቀመጠችው። በማግስቱ ልጇን ይዛ ከድሬ ወጣ ብሎ ዋሂል ያለው አባቷ ቤት ሄደች። ለምን መጣሽ ሲሏት "ማረፍ ፈልጌ ነው" ብቻ አለች። እዚያም ሸፈነችኝ።

አሁን የሰፈሩን ወሬ አስቡት። ባል ታሟል፣ ይወድቃል፣ ገና ከሆስፒታል መውጣቱ ነው፤ ሚስት ልጇን አንጠልጥላ ጥላው ሄደች። ሴቶቹ አብጠለጠሏት። "ልብ የላትም፣ በሽተኛ ባሏን!" ለእኔ ደግሞ የማያመጡልኝ የለም፤ አንዷ የአብሽ ሁልበት መረቅ፣ አንዷ ሳምቡሳ፣ አንዷ ሾርባ። "አይዞህ ጀማሌ፣ አላህ ያውቃል" ይሉኛል። አንገቴን ደፍቼ "አሚን" እላለሁ። እበላለሁ። ወሬው ዋሂል ድረስ እንደሄደ ሰምቻለሁ፤ አባቷ አው ሙሜ ራሳቸው "ልጄ አሳፈረችኝ" ብለው ለሰው መናገራቸውን ሰምቻለሁ። ሰምቼም መረቁን በላሁ።

በመጨረሻ ቤቱ ራሱ አባረረኝ። የልጄ ጫማ በሩ ላይ የለም፣ የፈትሂያ ስልክ ጥሪ ከወጥ ቤት አይሰማም። ሰው የማያጣው እኔ የማናግረው ሰው አጣሁ። አንድ ቅዳሜ ሱቄን ዘግቼ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። በበሩ አለፍኩ፣ ተመለስኩ፣ ደግሞ አለፍኩ። ጥበቃው "ወርያ፣ ምን ጠፋብህ?" አለኝ።

"ለክትባት ነው" አልኩት።

ግራ ቀኜን አየና "ልጅህስ የታለ? ወይስ አንተን ነው የምንከትበው?" ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "በጓሮ በኩል ነው፣ መጨረሻው ክፍል። ሁሉም መጀመሪያ ለክትባት ነው የሚሉት" አለኝ።

ክፍሉ ውስጥ ጥቂት ሰዎች በፕላስቲክ ወንበር ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ነርሷ ሲስተር ሮማን ትመራለች። ሃምሳ አለቃ ተፈራ የሚባሉ፣ ሁርሶ ወታደር ሲያሠለጥኑ የኖሩ ሰው አሉ፤ ሲያንሾካሹኩ እንኳ መንገድ ድረስ ይሰማል። እትዬ አልማዝ ደግሞ አረቄ ሻጭ ነበረች፤ ስትሸጥ ስትቀምስ፣ ስትቀምስ ስትሸጥ ራሷን አጣች። እኔን ስታይ "አንተን የማውቅህ ይመስለኛል" አለች። ታውቀኛለች። ከእሷ ቤት ነበር የማስቀዳው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ! እሷ ግን "ደንበኛዬ እዚህም ደንበኛ ሆነ" ብላ ወንበር አቀረበችልኝ።

ሕጉ ቀላል ነው። እዚያ የተባለ እዚያ ይቀራል፤ ማንም ማንንም አይመክርም፣ ሁሉም የራሱን ያወራል። መጀመሪያ ሰሞን አልተናገርኩም። ሄጄ እቀመጣለሁ፣ ሰው ይናገራል፣ እኔ ወለሉን አያለሁ። ጫቱን ግን ተውኩ፤ ሃምሳ አለቃ ስለ ራሳቸው ሲያወሩ "እኔ መጀመሪያ የተውኩት ጓደኞቼን ነው፣ መጠጡን መተው ከኋላ መጣ" ሲሉ ገባኝ። አብዲ ሁለቴ መጣ፣ በር ላይ መለስኩት። በሦስተኛው አልመጣም። እና ድሬ ላይ በርጫ የሌለው ወንድ ከሰዓቱን የት ያድርሰው? ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ከየቤቱ የሰው ሳቅ ይሰማል። እኔ የተዘጋ ሱቄ ውስጥ ጨርቅ ላይ ተቀምጬ ሻይ እጠጣለሁ። መጠጥ ማቆም ይህን ያህል ሰው አልባ መሆኑን ማንም አልነገረኝም። አልቅሻለሁ፣ አልደብቅም። ለእንደኔ ዓይነቱ የምለው ይህን ነው፤ ያ ሰዓት ያልፋል፣ ግን ቁጭ ብለህ ነው የምታሳልፈው።

አንድ ቅዳሜ በመጨረሻ ተናገርኩ። የምናገረው ግን ሰፈር የሚያወራውን ሆኖ አገኘሁት። "ታምሜ ሳለ ሚስቴ ጥላኝ ሄደች" አልኩ። ድምፄም ተሰበረ። ሰዎቹ አዘኑልኝ። እትዬ አልማዝ ብቻ አገጯን ይዛ ታየኛለች።

"መካሪ አይደለሁም፣ ልጠይቅህ ብቻ። ሚስትህ የሄደችው ልጅቷ አረቄህን ጠጥታ ነው አላልክም? ባለፈው ለሲስተር ስትነግራት ሰምቻለሁ።"

"አዎ።"

"እና ጎረቤቶችህ ይሄን ያውቃሉ?"

"አያውቁም።"

"ሚስትህን ሲሰድቡ ምን ትላቸዋለህ?"

"ምንም። ዝም እላለሁ።"

"ዝም ብለህ መረቁን ትበላለህ" አለች። አልተቆጣችም። እንዲሁ ነው ያለችው።

ተናደድኩ። ሃይማኖቴ ኃጢአትህን በአደባባይ አትዘርዝር ይላል፣ አላህ የሸፈነውን ለምን እገልጣለሁ አልኳት። እሷም "እሱን አላውቅም። አንተ የለበስከው ግን ከእሷ የገፈፍከውን ልብስ ይመስለኛል" አለችኝ። ያን ሳምንት ለጎረቤት በር አልከፈትኩም። ከዚያ በፊት ያመጡልኝንም መዋጥ አቃተኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለአው ሙሜ እነግራለሁ አልኩ። ሲስተር ሮማን "እንለማመድ" አለች። ሃምሳ አለቃ አማቼን ሆነው ወንበር ላይ ተንሰራፉ። ገና "አሰላሙ ዓለይኩም" ስል "ወዓለይኩም ሰላም!" ብለው ሲያንባርቁ የክትባት ክፍል ሕፃናት ሁሉ ማልቀስ ጀመሩ። ሳቅን። ከወራት በኋላ ከልቤ የሳቅሁት ያኔ ነው። ደጋግመን ተለማመድን፤ "እጠጣ ነበር" የሚለው ላይ ስደርስ ግን ሁሌ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

ዋሂል ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ደረስኩ። አው ሙሜን ብቻቸውን አገኛለሁ ብዬ ነበር። ለካ የበርጫ ሰዓት ነው! ቤቱ ሞልቷል፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ፍራሽ ላይ ተደርድረው ይቅማሉ። "ና፣ ልጄ! ታሞ ነው የመጣው፣ ቦታ ስጡት!" አሉ አማቼ። ትራስ አቀረቡልኝ። አንዱ ሽማግሌ "ምስኪን" አለኝ። ከመጋረጃው ወዲያ የፈትሂያ ጥላ ይታየኛል፤ መጋረጃው ከሱቄ የወጣ ነው።

ለብቻዎ ላናግርዎት ማለት እችል ነበር። ግን ወሬውን የሚያዞሩት እነዚሁ ናቸው፤ ለብቻቸው ብነግራቸው እሳቸውም ይሸፍኑኝ ነበር።

"አባ" አልኩ፣ "ትራሱ ይቆየኝ። እኔ በሽተኛ አልነበርኩም። ማለቴ... ነበርኩ። በሽታዬ መጠጥ ነው። አረቄ ነው የምጠጣ የነበረው። ፈትሂያ ታውቅ ነበር፣ ለሐኪም እንኳ ደበቀችልኝ። ሂክማ ውሃ መስሏት ከአረቄዬ ተጎነጨች። ፈትሂያ የሄደችው ለዚያ ነው። በሽተኛ ባሏን ጥላ አልሄደችም። ልጇን ይዛ ሸሸች። ሰው ሲሰድባት እየሰማሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።"

 ሽማግሌዎቹ ጉንጫቸው ጫት እንደሞላ ቀሩ። አው ሙሜ አላዩኝም። እጃቸው ላይ ያለውን ቀንበጥ ፍራሹ ላይ አስቀመጡት።

"አሁንስ?" አሉኝ።

"አሁን አልጠጣም። ነገን አላውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ የምሄድበት አለ።"

 ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረው "ሰማችሁ አይደል?" አሉ። "እኔ በዚህች ልጅ ስንት አልኩ! እዚሁ ቁጭ ብዬ ስንት አልኩ!"  ወደ እኔ ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሯል። "ውሃ ጠጣና ሂድ። ዛሬ ዓይንህን ማየት አልችልም።"

ተነሣሁ። አቅፈው ይቅር ይሉኛል ብዬ አልጠበቅኩም፣ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ትንሽ ግን ጠብቄ ነበር። ውሃውን ጠጣሁና ወጣሁ።

መንገዱ ዳር መኪና ስጠብቅ ፈትሂያ መጣች። ብቻዋን ናት። ከእኔ ትንሽ ራቅ ብላ ቆመች።

"ሂክማስ?" አልኳት።

"ተኝታለች።" አየችኝና "ተለማምደህ ነው የመጣኸው?" አለችኝ።

"ተለማምጄ ነው። ብዙ ጊዜ።"

"ታስታውቃለህ" አለች። ፈገግ ያለች መሰለኝ፣ እርግጠኛ አይደለሁም።

"ነይ ልልሽ አይደለም የመጣሁት" አልኳት።

"እኔም እመጣለሁ አላልኩም።"

ሚኒባሱ አቧራውን እያስነሳ ብቅ አለ። ረዳቱ "ድሬ! ድሬ!" እያለ ይጮሃል። ሌላ ነገር እንድትል ፈለግኩ፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። እሷ ወደ ሰፈሩ ዞራ ሻሿን አስተካከለች።

"ነገ ገበያ ነው" አለች። "ከመጣሁ ጀምሮ የሰው አፍ ፈርቼ ገበያ ወጥቼ አላውቅም። ነገ እወጣለሁ።"

ሄደች። እኔም ተሳፈርኩ።